ትከሻ የማይመታ ጠመንጃ

ገነነ የሞተው በገዛ ሙዙ መሃል፣ በገዛ ቦዩ ዳር፣ ጀርባውን በጥይት ተመቶ ነው። ኢንስፔክተር ዕድላዊት ከአርባ ምንጭ ሴቻ ወርዳ ላንቴ ቀበሌ ስትደርስ ጠዋቱ ገና አልሞቀም፤ ሰዉ ግን ምርመራውን አካሂዶ፣ ፍርዱን ሰጥቶ፣ ጥፋተኛዋንም ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ጨርሷል። ለፖሊስ የተረፈው ሬሳ ማንሳት ብቻ ይመስል ነበር።

«አሳማ መስሏት ነው» አለ ሬሳውን ያገኘው ምሥጋና። አርባውን ያለፈ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ የጎረቤቱን ሙዝ ሰብስቦ ለጭነት መኪና የሚያስረክብ ገበሬ ነው። «ሌሊቱን ስትጠብቅ አድራ ደክሟት ነበር። ሙዝ ውስጥ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ተኮሰች። ክፋት የለባትም፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌዎቹ ቢያስታርቁን ይሻላል።»

«ስትተኩስ አይተዋታል?»

«አላየሁም። ተኩሱን ሰምቼ ነው የሮጥኩት።»

ዕድላዊት የሙዝ ተሸካሚ ልጅ ናት፤ ያደገችውም ከዚህ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር በጥርጣሬ ማየት ትወዳለች፤ በዚህ ጠባይዋ ሹመቷ ዘግይቷል፣ እሷ ግን አንድም ቀን አልቆጫትም። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ ተመለከተች። ጥይቱ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ገብቶ በደረቱ ወጥቷል፤ የገባበትና የወጣበት ቁመቱ እኩል ነው።

«ፈቃደ፣ የዱር አሳማ ቁመቱ ምን ያህል ነው?» አለች።

ረዳቷ ሳጅን ፈቃደ የጎንደር ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ከተመደበ ዓመታት ቢያልፉም ስለ ሙዝ የሚያውቀው መብላቱን ብቻ ነው። «ከጉልበቴ ብዙም አያልፍ» አለ።

«ነጭ ሸሚዝስ ይለብሳል?»

ፈቃደ ፈገግ ሊል ብሎ የሚያለቅሱትን ሴቶች አየና ተወው።

«ያንን ማማ ተመልከት» አለች፤ ከሙዙ በላይ ብቅ ያለውን፣ ጠባቂዎች የሚያድሩበትን የእንጨት ማማ እያሳየችው። «ከዚያ ላይ ቢተኮስ ጥይቱ ወደ ታች እየወረደ ነበር የሚሄደው። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ነው ያለፈው። የተኮሰው ሰው መሬት ላይ፣ ከኋላው፣ ቅርብ ቆሞ ነበር።»

ሟቹ ከወደቀበት ጥቂት እልፍ ብላ አንድ የሙዝ ግንድ አገኘች። የውጭ ሽፋኑ በቢላዋ ተገሽልጧል፤ ቁስሉ ገና ውሃ ያቀራል። ቦዩን ተከትላ ወረደችና ሣር የያዘውን አንድ ቁራጭ አነሳች። ከዚያው ግንድ የተገሸለጠ ሽፋን ነው፤ አራት እጥፍ ተደርጎ ታጥፏል፤ አንዱ ፊቱም ቅስት የመሰለ ነገር በኃይል ተጭኖት ተጨፍልቋል። በፌስታል ጠቀለለችው።

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልናል?» አለ ፈቃደ።

«ሽፋን በቢላዋ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ከዚያ ቦይ ውስጥ የሚጥል ገበሬ አላውቅም። ስለዚህ ይዤዋለሁ።»

ጠመንጃው ማማው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ያወረደላት ዘመድኩን የሚባል የቀድሞ ወታደር ነው፤ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ፣ ሲናገር ሰልፈኛ የሚያዝ የሚመስል። የጎረቤታሞቹ የጥበቃ ቡድን ጠመንጃ ነው፣ ፈቃድ ያለው፣ አሮጌ ምንሽር። ከሐይቁ ጫካ አሳማው በመንጋ እየወጣ ሙዙን ከሥሩ ይገለብጣል፤ ቀበሮው ግልገል ይወስዳል። ስለዚህ ሁሉም በተራው ያድራል፤ ተራውን ያልጠበቀ ከቡድኑ ይወጣል፤ ከቡድኑ የወጣ ሰው ሙዝ ደግሞ የአሳማ ነው።

«የሌሊቱ ጠባቂ ጠመንጃውን ለቀኑ ጠባቂ በእጁ ማስረከብ አለበት፤ ደንቡ ያ ነው» አለ ዘመድኩን። ጥቂት አመነታ። «ግን ሁላችንም ማማው ላይ ሰቅለን ነው የምንወርደው። ላሟ ትጮሃለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቀኑ የእኔ ነበር። ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ እህቴ ቤት አድሬ አረፈድኩ፤ ስመጣ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከባጃጁ ስወርድ ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል።»

«ከገነነ ጋር ጠብ የነበረው ማነው?»

«ሻሺቱ ናታ። ያውም በስብሰባ። ጠመንጃው ይቀየር ብላ።»

«ለምን?»

«ትከሻዬን ይመታኛል ብላ ነዋ» አለና ሳቀ። «ካምባ የሚኖር ወንድም አላት። እሱ ዘንድ ያለው ጠመንጃ አነስ ያለ ጥይት ነው የሚጎርሰው፣ አይመታም፤ ለአሳማና ለቀበሮ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው ትላለች። ገነነ ‹ጠመንጃ አልጋ አይደለም፤ ያልተመቸው ቤቱ ይተኛ› አላት። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥጥ የሞላችበት ትራስ ሰፍታ ሰደፉ ሥር ማድረግ ጀመረች። ትራስ፣ ኢንስፔክተር። ጠመንጃ ላይ።»

ዕድላዊት ጠመንጃውን ተቀብላ ክብደቱን መዘነችና ዘመድኩንን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሰውየው ሳቁን ቶሎ ጨረሰ።

ማንጎው ሥር የተቀመጠችው ሻሺቱ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ባልቴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ይዛለች። ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ቆመውላታል፤ እሷ ግን የታሰሩት እነሱ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ዓይነት ነው የተቀመጠችው። ዕድላዊት ጎረምሶቹን አሰናብታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ሻሺቱ፣ ሌሊት ተኩሰዋል?»

«አንድ ጊዜ። አሳማ ገባ፣ ተኮስኩ፣ ሄደ።»

«ከጠመንጃው ግን የጎደለው ሁለት ጥይት ነው።»

«አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛውን የተኮሰውን ጠይቂው።»

«ሲነጋስ?»

«ጠመንጃውን ሰቀልኩ። ትራሴን ይዤ ቤት ገባሁ። ጥጃ ስፈታ ተኩስ ሰማሁ። ዘመድኩን መጣ ብዬ ዝም አልኩ። ያየኝ ሰው የለም። ጥጃውን ካልጠየቅሽው።»

«ትከሻዎን ላየው እችላለሁ?»

ሻሺቱ ሳታፍር ቀሚሷን ከቀኝ ትከሻዋ ገለጥ አደረገች። ሰፊ ሰንበር አለ። ጎረምሶቹ ይህንን አይተው ነው ‹ተኩሳለች፤ ምልክቱ ይኸው› ብለው ያወሩት። ዕድላዊት ግን ቀለሙን ነው ያየችው፤ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል፣ መሃሉ አረንጓዴ።

«ይሄ የትናንት አይደለም።»

«ትራስ ሳይኖረኝ የተኮስኩበት ነው። ያለፈው ተራዬ። በዚህ ነው ስብሰባ ላይ የተናገርኩት። ሰው ሁሉ ስለ ትከሻዬ መሰለው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ አለ። «ህመሙን እችላለሁ፤ ስድስት ልጅ ወልጃለሁ። ነገሩ ሌላ ነው። እንደሚመታሽ ስታውቂ ገና ቃታውን ሳትስቢ ዓይንሽ ይጨፈናል። ጥይቱ ሰማይ ይሄዳል። አሳማ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። አንዱን ስትስቺ ሁለተኛውን ለመተኮስ አፈሙዙ መመለስ አለበት፣ የዚህ አፈሙዝ ግን ወደ ላይ ይዘላል። ቀላሉ ጠመንጃ ካለበት አይነቃነቅም። ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ታያለሽ፣ ትመቻለሽ፣ ደግሞ ትመቻለሽ። ይሄንን ነው ያልኩት። ሳቁ።»

አቶ ደበሌ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ምሥጋናን አስከትለው ቀረቡ። ነጭ ፀጉር፣ ረጅም በትር፣ ሰው የሚታዘዘው ዓይነት ዝግታ አላቸው።

«ልጄ ሻሺቱ» አሉ፣ «ሳታውቂ ነው ያደረግሽው። ቅዳሜ ዱቡሻ፣ የእርቁ ሜዳ ላይ፣ እንቀመጥና እርጥብ ሣር ይዘን ከሟች ቤተሰብ ጋር እናስታርቅሻለን። ፖሊስም ይሄንን ያያል። ብቻ አንድ ቃል በይ።»

«ምን ልበል?»

«አላወቅሁም፣ አሳማ መሰለኝ በይ» አለ ምሥጋና በልመና ድምፅ። «ከዚያ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ጥበቃውንም እኛ እንችልሻለን፤ ከእንግዲህ ጠመንጃ አትነኪም።»

«ያልገደልኩትን ሰው አልታረቅበትም» አለች ሻሺቱ። «እሰሩኝ። ማሳዬንም አሳማው ይብላው። ገደልኩ ግን አልልም።»

ወደ ሴቻ ሲመለሱ ሻሺቱ መኪናው ኋላ ተቀምጣ ነበር። ፈቃደ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቃሏን ብትሰጥ ዛሬውኑ ያልቅ ነበር። ቢሮ የሚጠይቁን ይሄንኑ ነው። ምን አስጨነቃት?» አለ።

«ውሸቱ ነዋ» አለች ዕድላዊት። «እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ለሌላው ምሕረት ሲለምን አይተህ ታውቃለህ፤ ሌላው ጥፋቱን እንዲያምን ሲለምንስ?»

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄደች። የገነነ ሚስት ጽጌሬዳ ድንኳኑ ውስጥ በሴቶች ተከብባ ነበር፤ ፖሊሷን ስታይ ተነስታ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ያቺ ገዳይ ታስራለች?»

«ፖሊስ ጣቢያ ናት። ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ባለቤትዎ ከሷ ጋር የተጣላው በጠመንጃው ምክንያት ብቻ ነው?»

«በሱ ብቻ። እሱም ኋላ ላይ እውነቷን ነው ይል ነበር።»

ዕድላዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይድገሙልኝ።»

«ሐሳቡን ቀየረ። ሐይቁ ዳር የሞተ ጉማሬ አገኘ፤ ቆዳው ተገፍፎ፣ ጥርሱ ተነቅሎ። ሥጋው ውስጥ የነበረውን ጥይት አውጥቶ አመጣው። የኛው ጠመንጃ ጥይት ነው አለ። ሰፈር የሰጠን ጠመንጃ ለጫካ ንግድ ዋለ ብሎ እንቅልፍ አጣ። ‹ሻሺቱ ያለችው ትንሹ ጠመንጃ ይምጣ› አለኝ። ‹ለአሳማ ይበቃል፤ ጉማሬን ግን አይጥልም። ያን ጊዜ ሌባው ራሱ ይተወዋል፤ ማንንም ሳላዋርድ ይበርዳል።› እሁድ ከጸሎት በኋላ ሊናገር ነበር።»

«ሌባው ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። ‹ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ መጀመሪያ ለብቻው ላናግረው› አለኝ። ያን ቀን በማለዳ ቦዩ ዳር ወረደ። ውሃ ሊመልስ መስሎኝ ነበር።» ጽጌሬዳ የተናገረችውን አሁን ገና የሰማችው ይመስል ቀና አለች። «ታዲያ ሻሺቱ ለምን ትገድለዋለች?» አለች ቀስ ብላ።

«ለምንም» አለች ዕድላዊት።

ከድንኳኑ እንደወጣች ፈቃደን ወደ ሲቀላ ላከችው። ጉማሬ ገድሎ ቆዳውን የሚበላ ሰው የለም፤ አለንጋ ነው የሚሆነው፤ አለንጋ ደግሞ የሚሠራ ሰው እጅ ይፈልጋል። «የሚሠራውን ፈልግልኝ» አለችው። «ቆዳውን ማን እንደሚያመጣለት ካወቅህ በኋላ ቶሎ አትደሰት። ጉማሬ ገደለ ማለት ገነነን ገደለ ማለት አይደለም። ያንን እኔ እፈልጋለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት የላንቴ መንገድ ዳር በሙዝ ዘለላ ተሞልቶ ነበር። የጭነት መኪና ቆሟል፤ ወንዶቹ ዘለላ በትከሻ እየተሸከሙ ከማሳ ይወጣሉ። የሁሉም ሸሚዝ ትከሻው ላይ ቡናማ ነው። የሙዝ ግንድ ውሃ ሲነካ ምንም አይታይም፤ ውሎ አድሮ ግን ይጠቁራል፣ ሳሙናም አያስለቅቀውም። ላንቴ ውስጥ ነጠብጣብ የሌለበት ሸሚዝ የለበሰ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሙሽራ። ስለዚህ ሸሚዝ የሚያይ ሰው የለም።

ዕድላዊት ግን ታያለች። ምሥጋና መኪናው አጠገብ ዘለላ እያራገፈ ነበር። ግራ ትከሻው ከላይ እስከ ጀርባው ድረስ ጠቁሯል። በቀኝ በኩል፣ ከአንገቱ አጥንት ዝቅ ብሎ ደረቱ ላይ፣ ሌላ ነጠብጣብ አለ፤ ክብ፣ አዲስ፣ ገና ቀላ ያለ።

«ጠመንጃ ነክተው ያውቃሉ፣ አቶ ምሥጋና?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

«ዓመት አለፈኝ። ተራዬን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው።» ቀኝ ትከሻውን ነካ አደረገ። «ይሄ ተሰብሮ ነበር፤ ከመኪና ላይ ወድቄ። ያ ጠመንጃ አንዴ ቢመታኝ እንደገና ይሰበራል። ያን ቀን ተኳሹ እኔ ብሆን ኖሮ ሆስፒታል ነበር የምታገኚኝ።»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ዛሬ ዱቡሻ ይመጣሉ?»

«እንዴት እቀራለሁ? ለሻሺቱ እኮ ነው። ከዚሁ በቀጥታ እመጣለሁ።»

«በቀጥታ ይምጡ» አለች ዕድላዊት።

ዱቡሻው ሰፊ ሜዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር፣ ወንዶቹ ዙሪያውን፣ ሴቶቹ ዳር ላይ ተቀመጡ። ቦታው የተቀደሰ ነውና እዚህ መዋሸት ከባድ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚዋሽ ሰው እንኳ እዚህ ሲደርስ ዝምታን ይመርጣል። ሻሺቱን ፖሊሶች አምጥተው መሃል አቆሟት። አቶ ደበሌ እርጥብ ሣር ነቅለው ዘረጉላት።

«ያዢ፣ ልጄ።»

ሻሺቱ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «አልይዝም።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ዘመድኩን አንገቱን ነቀነቀ፤ ምሥጋና እንደሚያዝን ሰው መሬት መሬት አየ።

«አባባ፣ ካልከፋዎት እኔ ልናገር» አለች ዕድላዊት። ጠመንጃውን ፈቃደ ከመኪናው አምጥቶ አቀበላት። ፈቃደ አንድ ጠና ያለ ሰው አስከትሎ ነበር፤ ማንነቱን ማንም አልጠየቀም። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወይዘሮ ሻሺቱ ትራስ ሰፍታ ነው የምትተኩሰው። በዚህ ስቃችኋል። እሺ፤ በዚህ ጠመንጃ፣ ትከሻው ላይ ምንም ሳያነጥፍ የተኮሰ ወንድ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም።

«አቶ ዘመድኩን?»

ዘመድኩን ዋርካውን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ። «የወታደር ጃኬቴን አጥፌ ነው የማደርገው» አለ በመጨረሻ።

«ሌሎቻችሁስ?»

አንዱ ጋቢ፣ አንዱ የደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ አንዱ የልጁን ብርድ ልብስ ተናዘዘ። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። ይህች ባልቴት በግልጽ ያደረገችውን ሰፈሩ ሁሉ በድብቅ ሲያደርገው ኖሯል፤ ልዩነቱ እሷ አለመዋሸቷ ብቻ ነበር። አቶ ደበሌ ሳቁን በበትራቸው ዝም አሰኙት።

«መልካም» አለች ዕድላዊት። «እንግዲህ ይህን ጠመንጃ የተኮሰ ሰው ትከሻው ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ገነነን የገደለው ሰው ከኋላው መሬት ላይ ቆሞ ነው የተኮሰው፤ በንጋት ብርሃን በግልጽ በሚታይ ነጭ ሸሚዝ ላይ። አሳማ የመሰለው ሰው የለም። ጠመንጃውን ከማማው አወረደ፤ ማማው ላይ ግን ትራስ አልነበረም፤ ሻሺቱ የራሷን ይዛ ሄዳለች። ጊዜም የለም፣ ገነነ ቦዩ ዳር እየጠበቀ ነው። ያን ጊዜ ምን አደረገ?»

ፌስታሉን ፈታች። የሙዙ ሽፋን ጠቁሯል፤ የተጨፈለቀው ቅስት ግን እንዳለ ነው። የጠመንጃውን ሰደፍ አስጠጋችበት። ልክ ገጠመ።

«እርጥብ ግንድ ገሸለጠ። የደረቀ ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር። እርጥቡ ግን ሰደፉ ሲመታው ውሃው ይፈነጥቃል። ውሃው የት ይሄዳል?»

«ሸሚዝ ላይ» አለ አንድ ተሸካሚ፤ ወዲያው ደንግጦ የራሱን ሸሚዝ አየ። ሁሉም የየራሱን አየ።

«አትጨነቁ፤ ሁላችሁም ቆሽሻችኋል» አለች። «ዘለላ አምጡልኝ።»

አንድ ዘለላ ሙዝ ከመንገድ መጣ። ወንዶቹን አንድ በአንድ አሸከመቻቸው። የተቆረጠው አንገቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ውሃው ከትከሻ አናት ወደ ጀርባ ይፈስሳል። ከዘመድኩን ጀምሮ የሁሉም ነጠብጣብ እዚያው ነው። ደረቱ ላይ፣ ከአንገት አጥንት በታች፣ ሰደፍ በሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ የቆሸሸ ሰው የለም።

«አቶ ምሥጋና፣ የእርስዎ ተራ ነው።»

ምሥጋና ፈገግ ብሎ ዘለላውን አነሳና እንደ ሁልጊዜው ግራ ትከሻው ላይ አደረገው። ያደረገውን ያወቀው ሁሉም ቀኝ ደረቱን ሲያይ ነው።

«በግራ የሚሸከም ሰው ቀኝ ደረቱን ምን ነካው?»

«ሙዝ ነው» አለ። «ሲራገፍ ይነካል። ላንቴ ውስጥ ሙዝ ያልነካው ማን አለ?»

«ያውርዱት።» አወረደው። ዕድላዊት ሰደፉን ሳትነካው አስጠጋችው። የነጠብጣቡ ክብ ከሰደፉ ክብ ጋር ተገጣጠመ። «አጥቦታል፤ ሲያጥበው ባሰበት። ቢጥለው ይሻለው ነበር፤ ግን እዚህ አገር ነጠብጣብ የሚያይ ሰው ስለሌለ እሱም የራሱን አላየውም። ትከሻዬ የተሰበረ ነው፣ ሳላነጥፍ ብተኩስ እሰበራለሁ ብሎኛል። አምኜዋለሁ። ከሁላችሁም በላይ ማነጠፊያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።»

«እኔ ገነነን ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ምሥጋና። ልስላሴው አብሮት አልነበረም።

«ጠመንጃው እንዳይቀየር።» ፈቃደ ያመጣውን ሰው አየች። «እርስዎ ሲቀላ ምን ይሠራሉ?»

«አለንጋ» አለ ሰውየው፣ ላለመታየት አንገቱን ቀብሮ። «የጉማሬ ቆዳ። የሚያመጣልኝ እሱ ነው።»

«ገነነ የሻሺቱን ቀላል ጠመንጃ ሊያስመርጥ ነበር» አለች ዕድላዊት። «ያ ጠመንጃ አሳማ ይጥላል፤ ጉማሬ አይጥልም። አቶ ምሥጋናን ስሙን ሳይጠራ ሊያስተወው ፈልጎ ብቻውን ጠራው። ምሥጋና ከገደለው በኋላ ደግሞ ሻሺቱ ‹አሳማ መሰለኝ› እንድትል ለመነ፤ ቃሏን ከሰጠች ነገሩ እዚሁ ዱቡሻ ላይ ያልቃል፣ እሷም ጠመንጃ አትነካም፣ ስለ ጠመንጃ ምርጫም የሚያነሳ አይኖርም። ሁሉ ነገር በአንድ ቃል። እሷ ግን ቃሉን ነፈገችው።»

ምሥጋና ዙሪያውን አየ። የሚሸሽበት ነበረው፤ ሜዳ ነው፤ ከዱቡሻ ግን አይሸሽም። ቁጭ አለ።

«ጠመንጃውን ሙዙ ውስጥ ሸሽጌ ሄጄ አትቀይሩት ብዬ ለመንኩት» አለ። «‹አትፍራ፣ ስምህን አልጠራም› ብሎ ፊቱን አዞረ። ከሄደ አለቀልኝ ብዬ...» ጽጌሬዳ ወዳለችበት አቅጣጫ አልተመለከተም። ፈቃደ እጁን ይዞ አስነሳው።

ከዚያ አቶ ደበሌ በትራቸውን አስቀምጠው ሻሺቱ ፊት ተንበረከኩ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተከተሉ፤ እርጥቡ ሣር በእጃቸው ነው።

«በድለንሻል» አሉ። «ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ በይ ብለን ተጫንንሽ። ይቅር በይን።»

ሻሺቱ ሽማግሌውን በሁለት እጇ ደግፋ አነሳቻቸው። ሣሩን ግን አልተቀበለችም።

«አባባ፣ እርስዎ ሲንበረከኩ ማየት ያመኛል» አለች። «ግን ገና ነው። አፌ ይቅር ቢል ሆዴ አይልም። መጀመሪያ ያን ቀን በሳቅ ያቋረጣችሁትን ስብሰባ ጨርሱልኝ። ቀላሉ ጠመንጃ ይምጣ የሚል እጁን ያውጣ። አሁን። እዚሁ።»

መጀመሪያ የወጣው የዘመድኩን እጅ ነው። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እጁን ግን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጎ ነው ያወጣው። ከዚያ ሌሎቹ። ከሴቶቹ በኩል ጽጌሬዳ ተነሳች፤ «የገነነም ይቆጠር» አለች። ማንም አልተቃወመም።

«ጠመንጃው እስኪመጣ ግን» አለ ዘመድኩን እጁን እያወረደ፣ «ይሄንን ፖሊስ ለማስረጃ ይወስደዋል። ዛሬ ማታ በምን እንጠብቃለን?»

«በቆርቆሮና በችቦ» አለች ሻሺቱ። «ተራው የማን ነው?»

ሁሉም ያውቀዋል፤ መናገሩ ነው የከበደው።

«የገነነ ነው» አለች ጽጌሬዳ። «እኔ እወጣለሁ።»

«ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ» አሉ አቶ ደበሌ። «ድንኳንሽ እንኳ አልተነሳም።»

«አሳማው ሐዘኔን አያውቅም፣ አባባ። ባሌ የሞተው ለዚህ ማሳ ነው። አላስበላውም።»

ሻሺቱ ትናንት እሷን ገዳይ ብላ የነበረችውን ሴት አየቻት። ጽጌሬዳም ዓይኗን አልሰበረችም። ይቅርታ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ሻሺቱ ቀደመቻት።

«ብቻሽን አትወጪም» አለቻት። «ነይ፣ ሳይመሽ ቆርቆሮ እንፈልግ።»

ሁለቱ ሴቶች ሽማግሌዎቹን፣ ፖሊሶቹንና ዋርካውን ትተው ጎን ለጎን ወደ ሙዙ ወረዱ። ከኋላቸው ዘመድኩን ችቦ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ተነሳ፤ ማንም አላዘዘውም።